በዘርጋው ስም የተገኙ ውጤቶች

1.

«አገኘኋት!»

ብዬ የጮህኩት በስልክ ነው። ከወዲያ ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከጀርባቸው ብየዳ ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር፤ እሱ ቆመ። «ደህና ናት?» አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ደህና ናት እንጂ! ይኸው ስሟ እፊቴ ተጽፎ!» አልኳቸው።

እቺን ነገር ያዙልኝ። ከሁሉ በፊት ያስቀመጥኳት በኋላ አፍሬ እንዳልዘላት ብዬ ነው።


2.

ፈትለወርቅ እባላለሁ። ሥራዬ ፈጠራ መመርመር ነው። አንድ ሰው «ይህን ዕቃ ከእኔ በፊት የሠራው የለም፣ ፓተንት ይሰጠኝ» ብሎ ሲያመለክት፣ እውነት የሠራው እንደሌለ ዓለምን የማስሰው እኔ ነኝ። ዓለም ስላችሁ የመረጃ ቋቱን ማለቴ ነው። ከየአገሩ የወጣ ፓተንት እዚያ ተከማችቷል። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርኩ ደስ ካለው፣ የጃፓን ሰው የፈጠረውን የጃንጥላ እጀታ አገላብጬ አያለሁ።

ቢሮ ውስጥ «ክፉዋ» ይሉኛል አሉ። ይበሉ። ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር ይዞ የመጣን ሰው «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ብራዚል ውስጥ ተሠርቷል» ማለት እንጀራዬ ነው። ምን ላድርግ፣ ብራዚሎችን እኔ አላዘዝኳቸው!


3. ለአንባቢ የተሰጠ መመሪያ

የፓተንት ቤተሰብ የሚባል ነገር አለ። የሙያው ቃል ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። አንድ ሰው የፈጠረውን ነገር መጀመሪያ አንድ አገር ያመለክትበታል። ከዚያ ያንኑ ፈጠራ ሌላ አገር ያስገባል፣ ደግሞም ሌላ አገር። ሁሉም ከመጀመሪያዋ ማመልከቻ የተወለዱ ስለሆኑ ቤተሰብ ይባላሉ። አንዷ ከተገኘች ሌሎቹም ይገኛሉ።

ስለዚህ፦

ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉ።

«የቤተሰብ አባላት» የሚለውን ተጫኑ።

ጠብቁ።

መብራት ከሄደ እንደገና ጠብቁ።

የሚመጣውን ሰንጠረዥ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። መጨረሻው ላይ ሳትደርሱ ለማንም ስልክ እንዳትደውሉ።

ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ቦታ አታገኙትም።


4.

አቶ ዘርጋው ስርሞሎ የቡታጅራ ሰው ናቸው። ብየዳ ቤት አላቸው፤ የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የጋሪ አካል ይሠራሉ። ቢሮዬ የገቡት ትልቅ ሸክም ታቅፈው ነው። ዕቃውን ወለሉ ላይ አሳርፈው፣ የተጠቀለለበትን የማዳበሪያ ጆንያ በጥንቃቄ ፈቱት።

የእንሰት መፋቂያ ማሽን ነው።

እንሰት ሲፋቅ ላላየ ሰው ልንገረው። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የእንሰቱን ቅርፊት ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ታጋድመዋለች። አንድ እግሯን አንስታ ጫፉን በተረከዟ ረግጣ ትይዝና በሁለት እጇ ቁልቁል ትፍቀዋለች፤ ሲነጋ የጀመረች እስኪመሽ። ቆጮውን በክትፎ ስንበላ አቤት ማጣጣማችን! ያቺን ተረከዝ ያሰባት ግን የለም።

የአቶ ዘርጋው ማሽን ቅርፊቱን በብረት መንጋጋ ይይዘዋል። ሴትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ስትረግጥ ጥርስ ያለው ብረት እየተመላለሰ ይፍቅላታል። ቀላል ነው፤ ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ።

«ፔዳሉ ለምን በግራ ሆነ?»

«ባለቤቴ ቀኝ እግሯ አይታዘዝላትም ነበር።»

«አሁንስ እንዴት ናቸው?»

«አሁንማ አረፈች።»

የሞሉትን ቅጽ ተቀበልኳቸው።


5. የማመልከቻ ቅጽ

የፈጠራው መጠሪያ፦ በእግር የሚሠራ የእንሰት መፋቂያ

ፈጣሪ፦ ሽታዬ ዘርጋው

ሠሪ፦ አባቷ

የፈጣሪ አድራሻ፦

የፈጣሪ ፊርማ፦

(«ሠሪ» የሚል መስመር ቅጻችን ላይ የለም። በእስክሪብቶ አስምረው የጨመሩት እሳቸው ናቸው።)


6. ንግግሩ እንዳስታወስኩት

እኔ፦ አባባ፣ ፈጣሪዋ ራሷ መጥታ መፈረም አለባት።

እሳቸው፦ አትመጣም።

እኔ፦ ለምን አትመጣም?

እሳቸው፦ የት እንዳለች አላውቅማ።

እኔ፦ ታዲያ አድራሻውን በማያውቁት ሰው ስም እንዴት ያመለክታሉ?

እሳቸው፦ በሬዲዮ ሰምቼ ነው። ፓተንት ሲሰጥ ለዓለም ሁሉ ይወጣል፣ ሰው ባለበት ሆኖ ያየዋል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ልጄ?

እኔ፦ እውነት ነው።

እሳቸው፦ እንግዲያው ትየው። ያልኩትን አባቴ ሠራው ብላ ትየው። እኔ ሌላ አልፈልግም።


7.

ገባችሁ አይደል? ሰውየው ፓተንት ፈልገው አልመጡም። ልጃቸውን ፈልገው ነው የመጡት። ልጅ በጋዜጣ ሲፈለግ አይቻለሁ፤ በቀይ መስቀል ሲፈለግ አይቻለሁ። በፈጠራ ምርመራ ክፍል ሲፈለግ ግን አላየሁም።

ሕጉ አይፈቅድም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ክፉዋ እኔ ነኝ አይደል? «እስቲ ይቀመጡ» አልኳቸው።


8.

የነገሩኝ ይህን ነው።

ሽታዬ አንድ ልጃቸው ናት። ቴክኒክ ኮሌጅ ትማር ነበር። ለክረምት ዕረፍት መጥታ፣ የብየዳ ቤቱ የብረት በር ላይ አንድ ማሽን በጠመኔ ሳለች። «ለእማዬ ሥራላት» አለች። ደንበኞች ቆመው ያያሉ። አንዱ፣ «ዘርጋው፣ ከእንግዲህ ቀሚስ ለብሰህ ቆጮ ልትፍቅ ነዋ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። እንሰት መፋቅ የሴት ነው፤ ወንድ አጠገቡም አይደርስ። አቶ ዘርጋው ግሪስ የነካው ጨርቅ አነሱና ስዕሉን ጠረጉት።

«የእማዬ እግር ምንህም አይደለም ማለት ነው?» አለቻቸው። «አንተ ብሎ አባት!»

«እንግዲያው ስሜን ከስምሽ ላይ አውርጂው!»

«እንዲህ አልኳት» አሉኝ አቶ ዘርጋው። «ያውም ሰው ፊት።»

ሄደች። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታለች ሲባል በወሬ ሰሙ። ለእናቷ ትደውል ነበር፤ ወይዘሮ ፈለቀች ግን የት እንዳለች አልነገሯቸውም፣ ምክንያቱም «ስሟ ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ፈለቀች አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ወድቀው በዚያው ቀሩ። ስልካቸውም የወደቁበት ቦታ ጠፋ። አገሩም፣ ቁጥሩም፣ ልጅቷም እዚያች ስልክ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን የሠሩት። የጠረጉትን ስዕል ከነመስመሩ ያስታውሱታል። ሲሠሩ የሳቀባቸው ሰው አልነበረም።


9.

አሁን ወደ ፍለጋው። «ሽታዬ ዘርጋው» ብዬ ጻፍኩ። ምንም። በስም መፈለጉን ትቼ በዕቃው ፈለግኩ፦ እንሰት፣ ሙዝ፣ ቃጫ፣ መፋቂያ፣ ፔዳል። ሕንዶች የሙዝ ግንድ እየፋቁ ቃጫ ያወጣሉ፤ የነሱ ብዙ መጣ። አንድ በአንድ ገለጥኩ። ሁሉም ሞተር ያለው፣ ትልቅ፣ የፋብሪካ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ የኖርዌይ ወረቀት መጣ።

የፓተንት ስዕል ፊት የለውም። ሰው መሳል ካስፈለገ በቀጭን ጥቁር መስመር ይሳላል፤ ዓይንም አፍንጫም አይደረግለትም። እዚህ ወረቀት ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። ሻሿን ከኋላ አስራለች። ከእግሯ ወደ ዳር ቀስት ወጥቶ ቁጥር ተጽፎበታል።

ፔዳል።

በግራ።

ወደ ላይ ሄጄ የፈጣሪውን ስም አነበብኩ። ፈረንጅ በመዝገብ ላይ የቤተሰብ ስም ያስቀድማል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የአባቷን ስም አንስቶ ከፊት ሰቅሎታል፤ በስሟ ስፈልግ ያጣሁትም ለዚህ ነው።

ዘርጋው፣ ሽታዬ።

ስልኩን ያነሳሁት እዚህ ላይ ነው። ወደ ቁጥር 1 ተመልሳችሁ እኔን ስሙኝ፤ ሰንጠረዡን ገና አልከፈትኩትም። እንዴት እንደጮህኩ! የምርመራ ክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አይቶኛል። አቶ ዘርጋው «ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ደስ ብሎኝ ለራሴ ማኪያቶ አዘዝኩ።


10.

የቤተሰቡ አባል፦ ኖርዌይ፣ የመጀመሪያዋ

ፈጣሪ፦ ዘርጋው፣ ሽታዬ

አድራሻ፦ በርገን

ሁኔታ፦ ቀሪ ሆኗል


የቤተሰቡ አባል፦ ኡጋንዳ

ፈጣሪ፦ ዘርጋው፣ ሽታዬ

አድራሻ፦ በርገን

ሁኔታ፦ ቀሪ ሆኗል


የቤተሰቡ አባል፦ ሕንድ

ፈጣሪ፦ ዘርጋው፣ ሽታዬ

አድራሻ፦ ትሮንድሃይም

ሁኔታ፦ ቀሪ ሆኗል


የቤተሰቡ አባል፦ ፊሊፒንስ

ፈጣሪ፦ ዘርጋው፣ ሽታዬ (በሕይወት የሌለች)

አመልካች፦ ዘርጋው፣ ፈለቀች፤ ወራሽ፤ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች በሞግዚት

ሁኔታ፦ የጸና*


* የጸና ማለት እስካሁን የሚሠራ ነው፤ ቀሪ ሆኗል ማለት ደግሞ በየዓመቱ መታደስ ሲገባው ያደሰው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ነው የቀሩት። መሃሉ ላይ ስደርስ መጠርጠር ነበረብኝ። ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ እንኳ እንዲህ በአንዴ አይጠፋም።


11.

በቅንፍ።

አንድ ሰው ሞቶ በቅንፍ ይጻፋል?

ማኪያቶው መጣ። አልጠጣሁትም።


12.

ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ምናልባት ባትሪው አልቋል፤ ምናልባት ለጎረቤት ሁሉ እየደወሉ ጨርሰውት ይሆናል። «ልጄ ተገኘች» እያሉ ሲዞሩ ታየኝ። ወይኔ ፈትለወርቅ! ምን ነበር ዝም ብትይ!


13.

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት የምነግራችሁ፣ እናንተም ትሠሩት ስለነበር ነው።

«ፈለቀች ዘርጋው» የሚል ስም ስታዩ ምን ትላላችሁ? የዘርጋው ልጅ ናት አትሉም? እኔም ያንኑ አልኩ። ከዚያ «ለአካለ መጠን ያልደረሰች» የሚለውን አየሁ። ትንሽ ልጅ! እኚህ ሽማግሌ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ አላሉም? ታዲያ ይቺ ከየት መጣች?

ጉድ በይ አልኩ። ሽማግሌው ሌላ ቤት አለዋ! ወልዶ ሲያበቃ በሚስቱ ስም ሰይሞ፣ ሕፃኗን ወደ እህቷ ልኮ፣ እኔ ፊት እንባውን ያፈሳል! (ስናደድ አንቱታው ይጠፋብኛል፤ አትታዘቡኝ።) ወንበሬ ላይ ሆኜ ሙሉ ድራማ ሠራሁ። ሁለተኛይቱን ሚስት ሳይቀር በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ ወፍራም ናት።

እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ግን ንዴቱ ተመቸኝ። መርዶ ይዞ ከማደር ተናዶ ማደር ይሻላል።


14.

መጡ።

ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ተላጭተዋል። በላስቲክ የተቋጠረ ቀይ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«የማረቆ በርበሬ ነው። ትወዳለች። አድራሻዋን ስትሰጪኝ እልክላታለሁ።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

አሁን ስሙኝ። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ በማለዳ ሰውየው ቤት ይኬዳል፤ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞት ነው የሚረዳው። እኔ ዘመድ ከየት ላምጣ? የማላውቃቸውን ሰው፣ ከቤታቸው ርቀው፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ላስቲክ በርበሬ መሃል እንዴት ብዬ ላርዳቸው?

«አንድ ጊዜ» ብዬ ወጣሁ። ከኮሪደሩ ያገኘሁትን ሰው ጠራሁ፤ ጸሐፊዋን፣ ከንግድ ምልክት ክፍል አንዱን፣ የጥበቃውን ሽማግሌ። ምንም አልነገርኳቸውም። ፊቴን አይተው ተከተሉኝ። ገብተው «እንደምን አደሩ» ብለው ዙሪያውን ተቀመጡ። የጥበቃው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

አቶ ዘርጋው አንድ በአንድ አዩአቸው። ባርኔጣውን አዩ።

«ለምንድነው ሰው የሚገባው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ደህና ናት ብለሽኝ ነበር።»


15.





16.

ቁጥር 15ን ብዙ ጊዜ ጻፍኩት፣ ብዙ ጊዜ ሰረዝኩት። የሰው ለቅሶ በቁጥር ተከፍሎ አይጻፍም። የጥበቃው ሽማግሌ ይዘዋቸው ነበር፤ ጸሐፊዋ እሷም በማታውቃት ልጅ አለቀሰች። ከንግድ ምልክት ክፍል የመጣው ሰው ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር፤ የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት።

እኔም አለቀስኩ። ሽታዬን በሕይወት አለች ብዬ ያወቅኳት ማኪያቶው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው፤ ግን አለቀስኩላት።


17. ንግግሩ እንዳስታወስኩት

(ሰዉ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ። በርበሬው ጠረጴዛው ላይ ነው።)

እሳቸው፦ መቼ ነው የሞተችው?

እኔ፦ ቀኑን አይጽፍም።

እሳቸው፦ ማን ቀበራት?

እኔ፦ እሱንም አይጽፍም፣ አባባ። አንድ የሚጽፈው ነገር አለ። ወራሽ አላት። እርስዎ ሌላ ልጅ አለዎት?

እሳቸው፦ የለኝም አልኩሽ እኮ።

እኔ፦ ፈለቀች ዘርጋው የምትባል?

እሳቸው፦ ፈለቀች ሚስቴ ናት። እሷ ደግሞ ፈለቀች ወልዴ ናት። ምነው ልጄ፣ ሚስቴን በኔ ስም ትጠሪያለሽ?

እኔ፦ እኔ አይደለሁም፤ እዚህ ነው የተጻፈው። ትንሽ ልጅ ናት ይላል።



እሳቸው፦ ትንሽ ስንት?

ይህን ሲጠይቁኝ ነው የባነንኩት። ለስንት ዓመት የፈረንጅ ስም ሳገላብጥ ኖሬ እንዴት ይጠፋኛል! እዚያ አገር ልጅ የሚወርሰው የቤተሰብ ስም ነው፤ የእናቱንም ሊወርስ ይችላል። የሽታዬ የኋላ ስም ዘርጋው ነው። ስለዚህ የሽታዬም ልጅ ዘርጋው ትባላለች። የሁለተኛ ሚስትም፣ የድብቅ ልጅም የለም። ወፍራሟ ሴትዮ ይቅር በይኝ።

እኔ፦ አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ናት።

እሳቸው፦ የልጅ ልጅ?

እኔ፦ ሽታዬ የወለደቻት ናት። የእናቷን ስም አውጥታላታለች።

እሳቸው፦ ፈለቀች ብላ?

እኔ፦ ፈለቀች ብላ።

እሳቸው፦ ቀጥሎስ? ቀጥሎ ያለው?

እኔ፦ ዘርጋው።

እሳቸው፦ አላወረደችውም?

እኔ፦ አላወረደችውም፣ አባባ። ኖርዌይም፣ ኡጋንዳም፣ ሕንድም፣ ፊሊፒንስም አላወረደችውም።


18.

ለጥንቃቄ ያህል ልናገር፦ ስሙን ያላወረደችው ይቅር ብላቸው ነው ብዬ አልጻፍኩም። ፓስፖርት ላይ የተጻፈ ስም መለወጥ ችግር አለው፤ ምናልባት ሰልችቷት ይሆናል። አላውቅም። አቶ ዘርጋውም ያን ጊዜ አልጠየቁኝም። እኛ የምናውቀው ስሙ እዚያ እንዳለ ብቻ ነው።


19.

«ሌላስ ምን ይላል?» አሉኝ። «የጻፈችውን አንብቢልኝ።»

ፓተንት የፍቅር ደብዳቤ አይደለም። ስለ መቀርቀሪያና ስለ ጥርስ ርዝመት ነው የሚያወራው። ቢሆንም እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ፊት የሌላትን ሴት ሲያዩ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ። «ፈለቀች» አሉ፤ ወዲያው ነው ያወቋት።

አንድ ቦታ እንዲህ ይላል፦ «ማሽኑ በአንድ እግር ብቻ እንዲሠራ የተደረገው፣ ሠራተኛዋ ሌላውን እግሯን መጠቀም የማትችል ብትሆንም እንድትሠራበት ነው።»

ሌላ ቦታ ደግሞ እንዲህ፦ «ክፍሎቹ በሙሉ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ በትንሽ ከተማ የሚገኝ አንድ በያጅ ብቻውን ሊሠራቸው በሚችል መንገድ ተነድፈዋል።»

«እንደገና» አሉኝ።

እንደገና አነበብኩት።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ አቶ ዘርጋው። ከዚያ በኋላ ኮታቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።


20. ውሳኔ

ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል። ምክንያት፦ ፈጠራው አዲስ አይደለም። ከዚህ በፊት ገልጾታል፦ ዘርጋው።

ፈረምኩበት። ሕግ ነው። አቶ ዘርጋው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ውድቅ ተደርጎበት ወረቀቱን እንዲህ የያዘ አመልካች አይቼ አላውቅም።


21.

ሰንጠረዡ ላይ የወኪሉ፣ ማለትም ወረቀቱን በባለቤቱ ስም የሚያስገባው ሰው፣ አድራሻ ነበር። ጻፍኩ። የቢሮው ሥራ አይደለም፤ ኃላፊዬ ይህን ካነበበ ያንብብ። ብዙ ጠበቅን። አቶ ዘርጋው በየሳምንቱ እየደወሉ «የኔን ነገር» ይሉኛል፤ እኔም «ገና ነው አባባ» እላቸዋለሁ። በዚህ መሃል ቡታጅራ ድንኳን ጥለው ልጃቸውን አልቅሰውላታል። በርበሬውን አልወሰዱትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

መልሱ የመጣው ከሞግዚቷ ነው። ሲሪ ሆልም ትባላለች፤ የሽታዬ የሥራ ባልደረባና ጓደኛ ነበረች። ሽታዬ ታማ ነው የሞተችው፤ ዓመት ያህል ተኝታለች። የፊሊፒንሱን ወረቀት ያስገባችው ሲሪ ናት፤ ለልጅቷ የሚቀር ነገር ይኑር ብላ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ አትችልም። አያቷ በር የሚሠራ ሰው እንደሆነ ታውቃለች፤ እናቷ የነገረቻት ይህን ብቻ ነው። የየመንገዱን የብረት በር እየቆመች ታያለች ብላለች ሲሪ።

ከሥር ልጅቷ ራሷ የጻፈችው አለ። እንዳለ ልተርጉመው፦

«ትምህርት ቤት ስሜን ሁሉም በየራሱ ይጠራዋል። ፈለቀችን እማማ ትጠራው ስለነበር አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ከእማማ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ስሙ የእርስዎ ነው ብለውኛል። እንዴት ነው የሚባለው? በድምፅ ይላኩልኝ።»


22. ለመቅዳት የሚረዳ መመሪያ

መስኮቱን ዝጉ።

ስልኩን ከአፍ ትንሽ አርቁት።

ቀዩን ክብ ተጫኑ።

ሙሉ ስሙን ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።


23.

አቶ ዘርጋው መጥተዋል። ያንኑ ሙሉ ልብስ ነው የለበሱት። የጥበቃው ሽማግሌ ሳይጠሩ ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ምን ልበል?»

«ስሟን ብቻ። ከነአባቱ።»

«ስሟን።»

«አዎ። ፈለቀችን ታውቀዋለች። የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እኮ...» አሉና ተዉት። የራሳቸውን ስም ነው። ሰው በጠራቸው ቁጥር አቤት ሲሉበት የኖሩት ስም ነው። ልጃቸውን አውርጂው ያሏትም እሱን ነው።

«ዝግጁ ሲሆኑ ይንገሩኝ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀዩን ተጫንኩት።


24.

«ፈለቀች... ዘርጋው።»